የ45 ደቂቃ የኮዲንግ ኢንተርቪው ከድሬ ሆኖ፦ ሰዓቱን እንዴት ልመድበው?

ሚኪ ሳቢያን፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ጀርመን ላለ ድርጅት አመልክቼ የመጀመሪያው ማጣሪያ የ45 ደቂቃ የቪዲዮ ኮዲንግ ነው። ጥያቄዎቹን ለብቻዬ ስሠራ አያቅቱኝም፤ ሰዓት ሲያዝ ግን ኮዱ ሳያልቅ ደቂቃው ያልቃል። እንዴት ነው የምትመድቡት? መብራትና ኔትወርክስ?

ከዚራ፦
አቦ ሚኪ፣ ቶሎ ኮድ ውስጥ መግባት ነው ጊዜ የሚበላው። ለመተዋወቂያና መጨረሻ ላይ ለአንተ ጥያቄ 10 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ የሚተርፍህ 35 ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ጠይቅባቸው፦ የሚሰጡህ የቁጥር ዝርዝር ባዶ ሊሆን ይችላል? ተደርድሯል? ቁጥር ይደገማል? ከሁሉም በላይ ግን፣ ምን ያህል ይረዝማል?

ለምሳሌ «ድምራቸው ይህን የሚሆን ሁለት ቁጥር ፈልግ» አሉህ እንበል። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ማጣመር ለ1,000 ቁጥር 500,000 ጥንድ ገደማ ነው፣ ምንም አይል። ለ100,000 ግን 5 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል፤ በፓይተን ቋንቋ ደቂቃዎች ይፈጃል። ያለፍካቸውን ቁጥሮች ዲክሽነሪ (የፈለግከውን ወዲያው የምታገኝበት ማከማቻ) ውስጥ እያስቀመጥክ ድምሩን ለመሙላት የጎደለውን ብትፈልግ በአንድ ዙር ያልቃል፤ የምትከፍለው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። ይህን ሁሉ በአፍህ አስረዳና «በዚህ ልቀጥል?» በል። መንገዱ ከጠራ ኮዱን ለመጻፍ 15 ደቂቃ ይበቃል።

ጀጎል፦
የተረፈው ለፍተሻ ይሁን። «ይሠራል» ብለህ አትለፍ፤ ትንሽ ምሳሌ ይዘህ መስመር በመስመር ተከተል። በዚያው ጥያቄ 3፣ 2፣ 4 ውሰድ፣ ድምሩ 6 ይሁን። ቁጥሩን አስቀምጠህ ከዚያ ከፈለግክ 3 ከራሱ ጋር ይጣመርና መልሱ ይበላሻል። መጀመሪያ ፈልግ፣ ቀጥሎ አስቀምጥ።

ሚኪ ሳቢያን፦
እናመሰግናለን። እነሱ የሚሠሩት በጃቫ ነው፤ እኔ ፓይተን ይቀለኛል። ችግር አለው?

ጀጎል፦
ማስታወቂያው ጃቫ ብቻ ካላለ እጅህ በለመደው ጻፍ፤ ቀድመህ ግን በኢሜይል ጠይቃቸው። በጃቫ ከሆነ ኢንት (የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) 2,147,483,647 ላይ ያበቃል። ድምር ከዚያ ሲያልፍ ስህተት ሳያሳይ ወደ አሉታዊ ስለሚገለበጥ ሎንግ (ትልልቅ ቁጥር የሚይዘውን ዓይነት) ተጠቀም።

የመጋላው፦
ሰዓቱን አደራ! በበርሊን ጠዋት 10:00 ካሉህ በእነሱ ክረምት (በብርዱ ወራት) የእኛ ቀን 6 ሰዓት፣ በበጋቸው (በሙቀቱ ወራት) 5 ሰዓት ነው። የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው፤ የእኛ አይቀየርም። ስትመልስላቸው በእነሱ አቆጣጠር ጻፍ፣ «በርሊን ሰዓት» ብለህም ጨምርበት።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ራውተሩ ይጠፋል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) አለ፤ ስትገዛ ቮልቱ ራውተሩ ጀርባ ከተጻፈው ጋር ይግጠም፣ አምፔሩም ከተጻፈው አይነስ። ከዚያ ሌላ ስልክህ ላይ የዳታ ፓኬጅ ሞልተህ ሆትስፖቱን አንድ ቀን ቀድመህ ሞክረው፤ የዊንዶውስ አፕዴትንም አቁም፣ አለበለዚያ ዳታውን ይጨርስብሃል። ኔቱ ከደከመ ቪዲዮ ለማጥፋት ፍቃድ ጠይቅ፣ ድምፁ ይሻላል። በድሬ ሙቀት ፋን ማጥፋት አይታሰብም፤ ስለዚህ ማይክ ያለው ኢርፎን አድርግ፣ ፋኑን ከጎንህ ሳይሆን ራቅ አድርገህ አቁመው።