«አንተ ትብስ» ምን ማለት ነው? ከልቅሶ ቤት የመጣ ጥያቄ

ከመሀል ሜዳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት ልቅሶ ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት የአክስቴ ልጆች በፖለቲካ ተነሳሱ። አንዱ ስልኩ ላይ ያየውን ቪዲዮ ጠቀሰ። ሌላው «ይሄን የሚያምን ደንቆሮ ብቻ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ የተባለውን እዚህ አልጽፈውም። ድምፃቸው ከአልቃሹ በላይ ሆነ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «እናንተ ልጆች፣ አንተ ትብስ ተባባሉ እንጂ አንተ አንተ አትባባሉ» አሉ። ሁሉም ዝም አለ።

ንግግራቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። «አንተ» ሁለቱም ውስጥ አለ። አንዱ ፍቅር፣ አንዱ ጠብ የሆነው እንዴት ነው? «ትብስ»ስ በትክክል ምን ማለት ነው? ደግሞ ይሄ አባባል ለባልና ሚስት እንጂ ለፖለቲካ ክርክር ይሆናል ወይ?

ከደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

«ትብስ» የመጣው «ባሰ» ከሚለው ግስ ነው። ዛሬ «ባሰ» ሲባል የሚታየን ክፉ ነገር ብቻ ነው። «በሽታው ባሰበት» እንላለን፤ «የባሰ አታምጣ» እንላለን። እዚህ አባባል ውስጥ ያለው ሐሳብ ግን መብለጥ ነው። ስለዚህ «አንተ ትብስ» ማለት «ከእኔ ይልቅ አንተ ትበልጣለህ፣ የአንተ ይቅደም» ነው። ሙሉው «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሺ» መሆኑን ልብ በይ። ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ብቻውን ካለው መሸነፍ ይሆንበታል። ብዙዎቻችን ጨዋ መሆን የሚያስፈራን ለዚህ ይመስለኛል፤ እኔ ስል እሱ ባይልስ?

«አንተ ተባባሉ» ደግሞ ከማዕረግ መውረድ ነው። «አንቱ የተባለ ሰው» ስንል የተከበረ፣ ስሙ የተጠራ ማለታችን ነው። አንቱ ሲባል የኖረ ሰው በክርክር መሀል «አንተ» ከተባለ ጉዳዩ ከሐሳቡ ላይ ተነስቶ ሰውየው ላይ አረፈ ማለት ነው። ስድቡ ገና ሳይመጣ ተውላጠ ስሙ ይናገራል። እኔ ኮሜንት ሳነብ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው።

ለፖለቲካ ይሆናል ወይ ላልሽው ግን መልሴ ይሆናል፣ ግን ብቻውን አይበቃም ነው። ለክርክር የተፈጠረ ሌላ ቃል አለን። «በላ ልበልሃ»። የድሮ ሙግት መክፈቻ ነው። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በግጥምና በምሳሌ ባላጋራውን ይገጥማል። አፋፋሙን ብቻ ካየን ጠብ ይመስላል። ቃሉን ስንፈታው ግን «በል እንግዲህ ተናገር፣ እኔም ልናገርህ» ነው። አየሽ፣ ለባላጋራው ተራ ይሰጣል! ከዚያ «ተጠየቅ» ሲለው «ልጠየቅ» ይለዋል። መጠየቅን ፈቅዶ ነው የገባው።

አንድ ልጨምር፤ «ቁራኛ»። ዛሬ «የሐሳብ ቁራኛ» ስንል ጭንቀት ነው። የዱሮው ሥርዓት ግን ይሄ ነበር፦ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ እኩል እየተራመዱ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው እንኳ «ዳኘን» ማለት ይችሉ ነበር፤ እሱም ቆሞ ይሰማል። እስቲ አስቢው፤ የምትጠይውን ሰው በኩታሽ ታስረሽ ዳገት መውጣት! እሱ ቢደናቀፍ አንቺም ትወድቂያለሽ።

በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በፊት የነበረውን የፓርቲዎች ክርክር እኔ ጠባሴ አካባቢ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። የሰላ ነበር። ሰሚው ይናደድ ነበር፣ ያጨበጭብ ነበር። ግን ደቂቃ ነበረው፣ ተራ ነበረው፣ አወያይ ነበረው። ከምርጫው በኋላ የሆነው ሁላችንንም አሳዝኗል፤ ያንን ክርክር ግን አልረሳውም። ዛሬ ስልካችን ላይ የጠፋው ጨዋ ሰው አይደለም። ቆሞ የሚሰማው መንገደኛ ነው የጠፋው።

ከሸዋ ሮቢት፦

ጋሼ፣ ትንታኔዎ ደስ ይላል። እኔ ግን «ጨዋነት» የሚባለውን ቃል እፈራዋለሁ። «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» የሚባል አባባል ያለን እኮ በከንቱ አይደለም። «እርስዎ» እያለ የሚጎዳ ሰው አይተናል። ደግሞ «ጨዋ ልጅ ዝም ይላል» ተብለን ነው ያደግነው። ሁልጊዜ ጨዋ ሁን የሚባለው የተበደለው ነው። የበደለውን ማን ይለዋል?

ከደብረ ብርሃን፦

እውነትህን ነው ወንድሜ። ይሄን አልቃወምህም፤ እንዲያውም ቃሉ ራሱ ያንተን ጥርጣሬ ይደግፈዋል። «ጨዋ» ብዙ ዕድሜ ያለው ቃል ነው። ሊቃውንቱ ምርኮ ከሚለው ከግዕዙ «ፄዋ» ጋር ያያይዙታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ይቺን ከተማችንን በቆረቆሯት በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ። ኋላ ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የታወቀ ሰው መጠሪያ ሆነ። ቤተ ክህነት ደግሞ ያልተማረውን ሰው «ጨዋ» ትለዋለች። ምርኮኛ፣ ወታደር፣ ባለ ዘር፣ መሃይም፣ ሥነ ሥርዓት ያለው፤ ሁሉም በአንድ ቃል! ስለዚህ «ጨዋ ሁን» ሲሉህ «የትኛውን?» ብለህ ጠይቅ። ዝም በል ከሆነ እንቢ በል። በላ ልበልሃ ላይ ዝም ያለ ተረታ እንጂ ጨዋ አልተባለም።

ከአለም ከተማ፦

እኔ ስለ አንድ ቃል ብቻ ልናገር። «ባንዳ»። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ጊዜ ለጠላት ያደረውን የአገር ሰው ነበር የምንልበት። የእኛ አካባቢ፣ መርሐቤቴና መንዝ፣ እነ ራስ አበበ አረጋይ የተዋጉበት አገር ነው። አያቴ ይሄን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፤ የሚያውቀው ሰው ስለነበር። ዛሬ በአንድ የመንገድ ጥገና ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ባንዳ ይባላል። ባንዳ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? መልስ የለውም። ፍርድ ነው እንጂ ክርክር አይደለም። ያናድደኛል፤ እውነተኛው ክህደት የመጣ ቀን በምን ስም ልንጠራው ነው?

ከደብረ ሲና፦

«ተቃዋሚ» እና «ተፎካካሪ»ንም አንርሳ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ተፎካካሪ ፓርቲ» በሉ ተባለ፤ «ተቃዋሚ» ጠላትነት ይሸታል ተብሎ ነው። በጎ ሐሳብ ነበር። ቃሉን ግን ካየነው «ተፎካከረ» የፉከራ ዘመድ ነው። «ተቃወመ» ደግሞ ከ«ቆመ» ነው የመጣው። ፊት ለፊት የቆመ ማለት ነው። ለእኔ ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ከሚፎክርብኝ ይሻለኛል።

ከአንኮበር፦

አጭር ነገር። «ድንጋይ ተሸክሞ መግባት» የሚለውን፣ በድያለሁ ብሎ ለእርቅ መቅረብን፣ ልጆች እንደ ተረት ያዩታል። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ሲገቡ ድንጋይ ተሸክመው ነው የገቡት። የልቼ ስምምነት የሚባለው ነው፤ ልቼ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለችም። አፄ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸደቁላቸው። የገባው ሰው አልተዋረደበትም።

ከደብረ ብርሃን፦

ሁላችሁም አስተማራችሁኝ። እኔን የሚያሳዝነኝ «ወገን» ነው። «ወገኔ» ስንል አንጀት የሚበላ ቃል ነው። «ወገን ለየ» ስንል ግን ጠብ ነው፤ «ወገንተኛ» ደግሞ ዓይኑን የጨፈነ። ፍርድ ቤት «ተከራካሪ ወገኖች» ይላል። ከሳሹም ወገን፣ ተከሳሹም ወገን። ይሄን ሐረግ በወደድኩት መጠን የምወደው የሕግ ቃል የለም። «ጎራ»ም እንደዚያው ነው። የመንዝ ሰው ጎራ ሲል ኮረብታውን ነው፤ ከወዲህ ጎራ ቆሞ የወዲያውን ጎረቤት ይጣራበታል። ፖለቲከኛው «ጎራ ለየ» ሲል መጣራቱ ቀረ።

ከመሀል ሜዳ፦

እናንተ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ጽሑፋችሁን ለሁለቱም ልጆች አነበብኩላቸው። «ቁራኛ» ላይ ሳቁ። ከዚያም አብረው ተቀምጠው ነበር። እንደገና ተከራከሩ፤ ድምፃቸውም አልቀነሰም። አንዱ ሐሳቡን እንዳልቀየረ አውቃለሁ፤ ሌላውም እንደዚያው። ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ትልቁ ሊያቋርጠው አፉን ከፈተ፣ ተወው፣ ከዚያ «እሺ ጨርስ» አለው።

«ጨርስ» መቼም ሁለት ነው። «ቶሎ በልና ገላግለኝ» አለበት፤ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» አለበት። ድምፁን እያስታወስኩ እስካሁን መለየት አልቻልኩም። እናንተ አካባቢ ይሄን «ጨርስ» በየትኛው ትሰሙታላችሁ?