በሜታል ሰሚ ላይ የሚቀልድ ኮሚክ ማንን ነው የሚያስቀው?

ጥቁር ቲሸርት፦
ጎበዝ፣ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ሜታል፣ ያ ጯሂ የሮክ ሙዚቃ፣ ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽልኝም። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ስለእኛው ስለሜታል ሰሚዎች አጫጭር ኮሚክ እስላለሁ። ሰሞኑን የሳልኩት ባለ አራት ሳጥን ነው። ፊቱን እንደ ብላክ ሜታል (ጨለም ያለው የሜታል ዘርፍ) ባንዶች ነጭና ጥቁር የተቀባ ልጅ አዲስ ቲሸርት ለብሶ ይመጣል። ጓደኛው ደረቱ ላይ ያለውን የባንድ ስም ሊያነብ ይታገላል። ሎጎው እንደምታውቁት የደረቀ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው። አንገቱን ያጣምማል፣ ጎንበስ ይላል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ "ማን ነው የሚባሉት?" ሲለው፣ "እኔም ማንበብ አልቻልኩም፤ ግን የመጀመሪያው አልበማቸው ይሻላል" ይለዋል።

የኛ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ግን "ለማያውቀን ሰው መሳቂያ አደረግኸን" ብሎ አኮረፈኝ። ሙዚቃውን ጨርሶ የማይሰማው የአጎቴ ልጅም ስቋል። ምኑ እንዳሳቀው ስጠይቀው "የፊቱ ቀለም" አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሦስት ኮርድ፦
ያኮረፈው ልጅ ፓንክ የሚባለው የሮክ ዘርፍ ሰሚ ቢሆን ኖሮ አያኮርፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒውዮርክ ውስጥ መውጣት የጀመረው "ፓንክ" መጽሔት በኮሚክ የተሞላ ነበር። በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የሮክ ዘፋኙን ሉ ሪድን ካርቱን አድርጎ የሳለው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጆን ሆምስትሮም ነው። ቃለ መጠይቁ ሳይቀር በእጅ ተጽፎ ከሥዕል ጋር ነው የወጣው። የፓንክ ባንዱ ራሞንስ ቅር መሰኘት ቀርቶ፣ የ1978ቱን አልበማቸውን ሽፋን እሱው ሳለላቸው። አራቱም አባላት ካርቱን ሆነው ወጡ!

ሌሊት ወፍ፦
ያ ሌላ ነው፣ ወንድሜ። ፓንክ ሲወለድም ቀልድ ይዞ ነው። ብላክ ሜታል ውስጥ ግን መኮሳተር ራሱ የሙያው አካል ነው። የፊንላንዱ ጄፒ አሆነን የሚስለውን "ቤልዜባብስ" የሚባል ኮሚክ አይተኸዋል? አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ሁሉም ፊታቸውን ተቀብተው ነው የሚኖሩት። ቀለሙ ለነሱ የተለመደ ነገር ነው። ቀልዱ ያለው ልጅ ማሳደጉና ባንድ ማስተዳደሩ ላይ ነው። የአጎትህ ልጅ ቢያነበው መጀመሪያ በቀለሙ ይስቃል፣ ጥቂት ገጽ ሲሄድ ግን ይለምደዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያስቀው ሌላ ነገር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኮሚኩ ባንድ የምር አልበም አወጣ። ሙዚቃው ላይ ቀልድ የለም፣ ኮስታራ ሜታል ነው።

ቤዚስት፦
በማይነበብ ሎጎ መቀለድ ግን አልሰለቻችሁም? የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቀልድ ይሻላል። እሱንም ማንም አይሰማውም።

ጥቁር ቲሸርት፦
ሌሊት ወፍ፣ አንጀቴን አራስከው። ኮሚኩ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ልጆች ልቀባቸው ነው። አንዱ ብቻ ሲቀባ አንባቢው ካልተቀባው ጋር ቆሞ ሌላውን እንደ ጉድ ያየዋል። ሁለቱም ከተቀቡ ግን የሚቀረው ሎጎውና ጉራው ነው፤ እሱ ደግሞ የኛው ጉድ ነው።

ሦስት ኮርድ፣ ያልከው ለራሞንስ ይሠራል፤ እነሱ ወደው ገብተውበታል። ያኮረፈው ጓደኛዬ ግን ፈቃዱን አልሰጠኝም። "የመጀመሪያው አልበም ይሻላል" የምትለዋ ደግሞ እሱ ዘወትር የሚላት አባባል ናት፤ ኩርፊያውም ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። ስስለው ፀጉሩን አሳጥሬ ሌላ ሰው አስመስለዋለሁ።

ቤዚስት፣ ያንተን ቀልድ ሰርቄዋለሁ።