ከፊል ጣፋጩ ወይናችን ቡሹን እየገፋ ነው፤ ዛሬውኑ ምን ላድርግ?

የወይን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዘንድሮ ነው ወደ ቤተሰባችን የወይን ጠጅ ሥራ የገባሁት። አባቴ የሚጠምቁት ድራይ (ስኳሩ ፈልቶ ያለቀ፣ የማይጣፍጥ) ቀይ ወይን ጥሩ ነው፣ ግን የሚገዛን ወይን አዋቂ ብቻ ነው። ማታ ከሥራ ገብቶ አንድ ብርጭቆ የሚጠጣውም ሰው ይግዛን ብዬ ለምኛቸው ለስለስ ያለ ከፊል ጣፋጭ አወጣን። ከታሸገ ሦስት ሳምንቱ ነው። ዛሬ ጠዋት መጋዘን ስገባ የአራት ጠርሙስ ቡሽ ግማሽ ጣት ያህል ወጥቷል፣ አንዱማ ካርቶኑን አርሶታል። ግማሹን ለሱቆች አከፋፍለናል። ቡሹን መልሼ ብመታው ይይዛል?

ቡሽ ነቃይ፦
እንዳትመታው! ባለበት ተወው። ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አውርደው።

ሶስተኛው በርሜል፦
ፖታሲየም ሶርቤት የሚባለውን ማቆያ ጨምርበት፣ ይቆማል።

የጓዳ ሰው፦
ወንድሜ፣ ዋናዎቹን ነገሮች አልነገርከንም። ስኳሩ በሊትር ስንት ግራም ነው? በምን አጣራችሁት? ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፈርስ? ደግሞ ሙቀትም ቡሽ ይገፋል፤ በቅዝቃዜ የታሸገ ወይን ሞቃት መጋዘን ሲገባ ይለጠጣል። ለመለየት አንዱን ጠርሙስ በደንብ አቀዝቅዘህ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ ክፈተው። ጥርት ያለና አረፋ የሌለው ከሆነ ሙቀት ነው። ከደፈረሰና ምላስ ላይ ከነዘረህ ግን እርሾው እንደገና ሥራ ጀምሯል። መነጽርና ጓንት ሳታደርግ ካርቶኖቹን እንዳትነካ።

ነባር ጠማቂ፦
ወጣቶች ይህን ማወቅ አለባችሁ። ወይን ጠጅ የሚፈላው በሕያው እርሾ መሆኑን ፓስተር ካሳየ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። እርሾ ስኳር ካገኘ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፣ የታሸገ ጠርሙስ ነው ብሎ አይተወውም። ወይን ጠጅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ገበያ አይቶ የሚቸኩል ሰው መጨረሻው ይሄ ነው።

የወይን ልጅ፦
ስኳሩ 18 ግራም ነው። ያጣራነው እንደ ሁልጊዜው በወረቀት ማጣሪያ ነው፣ ሰልፈሩም አባቴ ሁልጊዜ የሚጨምሩት ልክ ነው። ከፈትኩት፤ ደፍርሷል፣ አረፋም አለው። አባቴ በዚህ አሠራር 30 ዓመት ሲያሽጉ አንድ ቡሽ ወጥቶባቸው አያውቅም!

የጓዳ ሰው፦
የአባትህ አሠራር ትክክል ነው፣ ግን ለድራይ ወይን ነው። እዚያ ጥቂት እርሾ ቢያልፍ እንኳ የሚበላው ስኳር የለም። አንተ 18 ግራም ቀለብ ትተህለታል። በሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ ወደ 1 የከባቢ አየር ግፊት ይሰጣል። ያንተ በሙሉ ቢፈላ ከ4 ያልፋል፣ ከመኪና ጎማ ግፊት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ተራ ጠርሙስ ለዚህ አልተሠራም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለሱቆቹ ደውል። «ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ መብላላት ጀምሯል፣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከመደርደሪያ አንሱልን፣ መጥተን እንወስዳለን» በል፤ አታድበስብሰው። ከዚያ ሁሉንም አቀዝቅዘህ እየከፈትክ ወደ ታንክ መልሰውና ስኳሩን እስኪጨርስ ይፍላ። ለወደፊቱ ስኳር ያለው ወይን እርሾ በማያሳልፍ የ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው ቱቦና ጠርሙስ ሁሉ ንጹሕ መሆን አለበት።

ሶስተኛው በርሜል፦
አሁንም ሶርቤት እላለሁ።

የጓዳ ሰው፦
ሶርቤት እርሾ እንዳይራባ ያግዳል እንጂ አይገድልም። መፍላት የጀመረውን አያቆምም። ከማሸግ በፊት፣ ከተጣራ ወይንና ከበቂ ሰልፈር ጋር ነው የሚሠራው።

ብርጭቆ ቀጂዋ፦
እኔ ሻጭ ነኝ፣ ከመነሻው ልሞግትህ። ተራ ጠጪ ጣፋጭ ይፈልጋል ያለህ ማነው? «ጣፋጭ ወይን አለሽ?» ለሚለኝ ሰው ሁለት ብርጭቆ አስቀምሰዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ፍሬ ፍሬ የሚሸተውን፣ አፍ የማያደርቀውን ድራይ ነው። ስሙን ስለማያውቅ ነው «ጣፋጭ» የሚለው። ከዚያው ወይን ከፍሬው ቆዳ ጋር ብዙ ሳይቆይ የተጨመቀ፣ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ነገር) የቀነሰ አውጡ፤ ቀዝቀዝ ብሎ 13 ዲግሪ አካባቢ ይጠጣ። ሌላው ደግሞ ያ ሰው አንድ ብርጭቆ ነው የሚጠጣው አልክ፤ የቀረውን ምን ያድርገው? ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ሌብሉ ላይ «ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል» ብለህ ጻፍለት፣ የ375 ሚሊ ሊትር ጠርሙስም አስብ።

ቡሽ ነቃይ፦
ዋናው ቀዝቃዛ ቦታ ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ!

የወይን ልጅ፦
ደውያለሁ። ከአንዱ ሱቅ በቀር ሁሉም አንስተውታል፣ እዚያ እራሴ እየሄድኩ ነው። አባቴ ምንም አልተናገሩኝም፤ መነጽራቸውን አድርገው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ታንኩ እየገለበጡ ነው። ብርጭቆ ቀጂዋ፣ እህቴ፣ ቆዳው ላይ ስንት ቀን ይቆይ ትያለሽ?

ብርጭቆ ቀጂዋ፦
ለእሱ አባትህን ጠይቃቸው፤ ፍሬውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በየቀኑ እየቀመሳችሁ፣ ድድ መያዝ ሲጀምር ጭመቁት።

የጓዳ ሰው፦
የቀረው ሱቅ ምን አለ? ጠርሙሶቹ ደህና ናቸው?