አባቴን ከልብ ቫልቭ ሕክምና በፊት ከወንበር ያስነሡት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ቨርጂኒያ አብረውኝ የሚኖሩት የ83 ዓመት አባቴ የአኦርቲክ ቫልቫቸው (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ስለጠበበ፣ ደረታቸው ሳይከፈት በጭን ደም ሥር በኩል አዲስ ቫልቭ እንዲገባላቸው ታስቧል። ባለፈው ቀጠሮ ግን አንዲት ነርስ አምስት ሜትር አስኬደቻቸው፤ ቀጥላም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሡ አደረገች። አባቴ «የመጣሁት ለልቤ ነው ወይስ ለስፖርት?» ብለው ተቆጡ። ይህ ምርመራ ሕክምናውን ለመከልከል ይሆን?

መልስ 1፦
በልብ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዓላማው መከልከል ሳይሆን ዕድሜ ብቻውን የማይነግረንን ማወቅ ነው፤ የልብ ምስላቸው ከሚመሳሰል ሁለት እኩያ አረጋውያን አንደኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ሲገባ ሌላው ከአልጋ መነሣት ሊያቅተው ይችላል። ፍሬይልቲ የምንለው ይህን የመጠባበቂያ አቅም መመናመን ነው። አምስት ሜትር ለመሄድ ስድስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው ይባላል። በ2017 የታተመውና በካናዳ፣ በአሜሪካና በፈረንሳይ ከ1,000 በላይ አረጋውያንን የተከታተለው ጥናት፣ ከሕክምናው በኋላ የሚያጋጥምን አደጋ አስቀድሞ በማመልከት ካነጻጸራቸው የፍሬይልቲ መለኪያዎች ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘው አራት ነገር ብቻ የሚያየውን ነው፤ እነዚህም ከወንበር መነሣት፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታ፣ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) እና አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ናቸው። አምስቱ መነሣት 15 ሰከንድ ከሞላ አንድ የፍሬይልቲ ነጥብ፣ ጭራሽ ካልተቻለ ሁለት ነጥብ ይያዛል። አስቸጋሪው የጠበበው ቫልቭ ራሱ ሰውን ማዛሉ ነው፤ ከቫልቩ የመጣው ድካም ቫልቩ ሲቀየር ሊቀል ይችላል፣ ጡንቻ በመሟሸሹ የመጣው ግን የአካል እንቅስቃሴና ምግብ ይፈልጋል።

መልስ 2፦
እናቴም በዚህ አልፈዋልና ሁለት ነገር ልጨምር። የማስታወስ ፈተናው በእንግሊዝኛ ከተሰጠ ቋንቋ አለማወቅ እንደ መርሳት ሊቆጠር ስለሚችል፣ አማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ፤ እኛ ልጆች ስናስተረጉም ሳናውቀው መልሱን እንጠቁማለን። ሁለተኛው ጾም ነው። አረጋውያኖቻችን ሽሮና ምስር ቢበሉም መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ፕሮቲን ሊያንሳቸው ይችላል፤ ስለዚህ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር መነጋገሩ ይጠቅማል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ ዛሬውኑ ደውዬ ጠይቄያለሁ። የጾሙን ነገር ግን አባቴ ከንስሐ አባታቸው በቀር ከማንም ጋር ስለማይነጋገሩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሬያቸው እሄዳለሁ።