የጥናት ሪፖርቶችን በኤክስኤምኤል አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ስለ መሸጥ

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጨርቃ ጨርቅና በእህል ገበያ ላይ የምናሳትማቸውን የጥናት ሪፖርቶች እስካሁን በፒዲኤፍ በኢሜይል ስንልክ ቆይተናል፤ ይሁን እንጂ አንዳንዱ ገዢ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ስለሚፈልግ፣ ክፍያው በቴሌብር እንደተረጋገጠ የጠየቀውን ክፍል ለይተን ለማድረስ ኤክስኤምኤል (የጽሑፉን እያንዳንዱን ክፍል በመለያ ስም እያመለከቱ የሚጽፉበት የፋይል አሠራር) ይጠቅመን እንደሆነ ብታስረዱን።

መልስ፣ ከደሴ፦
ይጠቅማችኋል። ሪፖርቱ አንድ ጊዜ በኤክስኤምኤል ከተጻፈና እያንዳንዱ ምዕራፍና ሠንጠረዥ የራሱ መለያ ከተሰጠው፣ ኤክስኤስኤልቲ በተባለው የመለወጫ ቋንቋ አማካይነት ከዚያው ምንጭ ድረ ገጽም፣ ለኅትመት የሚሆን ቅጂም፣ ተለይቶ የሚሸጥ ክፍልም ማዘጋጀት ይቻላል። በዓመት ሁለት ሦስት ሪፖርት ብቻ የምታወጡ ከሆነ ግን ድካሙ አያዋጣም፤ ፒዲኤፉን ከፋፍሎ መሸጥ ይበቃል።

ሌላ መልስ፦
እኔ የምጨምረው የፊደላችንን ጉዳይ ነው። ጽሑፉ የልዩ ልዩ ቋንቋዎችን ፊደላት በኮምፒውተር ለማስቀመጥ በሚያገለግለው በዩቲኤፍ-8 እስከተቀመጠ ድረስ አማርኛው አያስቸግርም። የመለያዎቹን ስም ግን በግእዝ ፊደል ባትጽፉ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ ፊደላችንን ለመለያ ስም አይቀበልም ነበር፤ የፈቀደው በ2008 የወጣው አምስተኛ እትም በመሆኑ፣ የቆዩ ፕሮግራሞች ፋይሉን ስሕተት ነው ብለው ሊመልሱት ይችላሉ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ከተሸጠ በኋላ እንዳይባዛስ ምን ይደረግ?

መልስ፣ ከደሴ፦
ኤክስኤምኤል በራሱ ቅጂን አይከለክልም። ምንጩን ፋይል በሰርቨራችሁ አስቀርታችሁ፣ ለገዢው ጊዜው የሚያልፍ ማውረጃ ሊንክ ላኩለት፤ በቅጂው ገጾች ላይም ስሙ እንዲታተም አድርጉ።