ሐይቅ ዳር ጎልፍ ለሚፈልግ የሐዋሳ ሰው፦ ኡጋንዳ፣ ናይቫሻ ወይስ ኪጋሊ?

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰዎች ይመጣል፣ ከቡና ነጋዴዎች ይመጣል፣ ለእረፍት ከውጭ ከሚገቡ ዘመዶችም ይመጣል። «ሐይቅ ያለው፣ ደህና ጎልፍ ሜዳ ያለው፣ ሚስትና ልጅ ይዞ ሳምንት የሚቆዩበት ቦታ የት አለ?» እስካሁን ለእያንዳንዱ በቴሌግራም በድምፅ ስመልስ ነበር። ከአሁን በኋላ ይህን እልካለሁ።

የቸኮለ ሰው ይህችን ብቻ ይዞ ይሂድ። ጎልፉ ከሁሉ የሚቀድምበት ኡጋንዳ ይሂድ። ቤተሰቡ የሚቀድምበት ኬንያ ያለችው ናይቫሻ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ያለው ደግሞ ኪጋሊ። ሐዋሳስ? ሐዋሳ ባለ 18 ጉድጓድ፣ ማለትም ሙሉ የጎልፍ ሜዳ የላትም። በሪዞርት ግቢ ሚኒ ጎልፍ መትቶ «ጎልፍ እጫወታለሁ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አትከራከሩት፣ ብቻ ዱላ እንዳይገዛ ምከሩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለእኛ ሐይቅ ብርቅ አይደለም። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው፣ መስኮቱ ወደ ሐይቅ ለዞረ ክፍል ተጨማሪ ዶላር የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። የአዲስ አበባ ሰው ይክፈል። እኛ የምንከፍለው ለሣሩ ነው። ስለዚህ እነዚህን ቦታዎች ሳወዳድር ሐይቁን እንደ ምርቃት ነው የቆጠርኩት።

መጀመሪያ ኡጋንዳ። ሰው ስለ ኡጋንዳ ሲያስብ ጎሪላ ነው የሚመጣበት፣ ጎልፍ አይመጣበትም። ግን በካምፓላና በኢንቴቤ መካከል ባለች አጭር መስመር ላይ ሦስት ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳዎች አሉ። አንደኛው ካምፓላ መሀል፣ ኪታንቴ የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ያለው የኡጋንዳ ጎልፍ ክለብ ነው። ሁለተኛው ኪጎ ላይ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለው የሰሬና ጎልፍ ሪዞርት። ሦስተኛው ኢንቴቤ ክለብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅና በአገሩ ካሉት ሁሉ የቆየው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የካምፓላ–ኢንቴቤ ፈጣን መንገድ እነዚህን በጣም አቀራርቧቸዋል። ኪጎ ከሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሆነች፣ እዚያ አርፎ አንድ ቀን ወደ ግራ፣ አንድ ቀን ወደ ቀኝ መሄድ ይቻላል።

ሜዳው መብዛቱ ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። አንድ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን የተጫወተ ሰው አራተኛው ቀን ላይ ይሰለቸዋል። የትኛው ጉድጓድ ጋ አሸዋ እንዳለ፣ የትኛው ጋ ኳሷ ወደ ውሃ እንደምትንከባለል ያውቀዋል። ሜዳ ሲቀየር ግን ዱላ መምረጡም፣ ንፋሱም፣ የሣሩ ፍጥነትም ይቀየራል። ውጭ አገር አንድ ሪዞርት ብቻውን አራትና አምስት ሜዳ የሚኖረው ለዚህ ነው። ቻይና ሼንዘን ያለው ሚሽን ሂልስ 12 ሜዳ አለው። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር አትፈልጉ። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ሜዳ ካገኛችሁ በቂ ነው፣ ከሐይቅ ጋር ደግሞ ያ ያለው ኡጋንዳ ነው።

የኪጎው ሪዞርት ሣርና ውሃ አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው የተሠራ ነው። ማረፊያውም ሜዳውም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ቁርስ በልቶ በእግር ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው፣ ከሆቴሉ እስከ ሜዳው በትራፊክ የተሰቃየ ሰው ነው። ካምፓላ ውስጥ አርፎ ኪጎ ለመጫወት የሚያስብ ካለ ይተወው። የካምፓላን ትራፊክ ያየ ሰው የሐዋሳን ባጃጅ ይመርቃል።

የማይጫወቱትስ ምን ያድርጉ? ኢንቴቤ የእንስሳት ማዕከል አላት፣ ጥሩ የዕፅዋት ቦታ አላት፣ በጀልባ ወደ ንጋምባ ደሴት ሄዶ ቺምፓንዚ ማየትም አለ። ሙንዮንዮ ያለው ስፒክ ሪዞርት ደግሞ ሰፊ የመዋኛ ገንዳና የፈረስ ግልቢያ ስላለው ልጆች ከዚያ አይወጡም። ዓሣውስ? ትልቁ የናይል ፐርች ጥሩ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር የተጠበሰ ቆሮሶ ከሆነ የእኛ ይበልጣል። በዚህ አልደራደርም።

ኡጋንዳ ሁለት ጣጣ አለባት። አንዱ ወባ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወባ አለ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩና መድኃኒቱን ጀምሩ። «ሐዋሳ ያደግሁ ሰው ወባ ምን ያደርገኛል» የሚል ጀግና አውቃለሁ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ነው ሐይቁን ያየው። ሌላው ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ መብረቅ ከሚበዛባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር የብረት ዱላ ይዞ ሜዳ መሀል መቆም ዕብደት ነው። ስለዚህ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ። 18ቱን ጉድጓድ ለመጨረስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ለምሳ ትደርሳላችሁ።

ወደ ናይቫሻ። ይህች ሐይቅ የእኛው የስምጥ ሸለቆ እህት ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሐዋሳ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ማታም ብርድ አላት። ጉማሬም አለ። አየሩ ቀለል ስለሚል ኳሷ ከኢንቴቤ ይልቅ ራቅ ብላ ትሄዳለች። ብዙ ሰው «ተሻሻልኩ» ብሎ የሚመለሰው ከዚህ ነው። ከፍታው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

ናይቫሻ ላይ ጎልፍ ማለት ግሬት ሪፍት ቫሊ ሎጅ ማለት ነው። ባለ 18 ጉድጓድ ነው። ልብ በሉ፣ ሐይቁ ዳር አይደለም። ኤቡሩ ተራራ ወገብ ላይ ሆኖ ሐይቁንና የሎንጎኖትን እሳተ ገሞራ ከላይ ወደ ታች ያያል። ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ ሲግጥ ብታዩ አትደንግጡ፣ ከእናንተ በፊት ነው የነበረው። ከፍ ብሎ መቀመጡ ሌላም ጥቅም አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኬንያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በጣም ሞልተው ነበር፣ ናይቫሻ ዳር ያሉ ቤቶችና ማረፊያዎች ውሃ ገብቶባቸዋል። ሐይቁ ጫፍ ላይ ማረፍ የምትፈልጉ ከሆነ ውሃው የት ድረስ እንደመጣ ጠይቃችሁ ክፍል ያዙ።

ናይቫሻን ለቤተሰብ የመረጥኩት በጎልፉ አይደለም። ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ብስክሌት ተከራይቶ ከሜዳ አህያና ከቀጭኔ አጠገብ መንዳት ይቻላል። ክሬሰንት ደሴት ላይ በእግር ይኬዳል። አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ስልኩን ኪሱ የሚከተው እንደዚህ ያለ ቦታ ነው። አባት ጠዋት ይጫወታል፣ እናትና ልጆች ይነዳሉ፣ ከሰዓት ሁሉም ጀልባ ላይ ይገናኛል። እናት ተጫዋች ከሆነች ገልብጡት። የማውቃቸው ሁለት እህቶች ባሎቻቸውን ብስክሌት ላይ አስቀምጠው ነው የሚጫወቱት።

ተጨማሪ ሜዳ የሚፈልግ ሰው ናይሮቢ ላይ ማረፊያ ይጨምር። ናይሮቢ ከናይቫሻ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ካረን አለ፣ ሙታይጋ አለ። ሁለቱም የኬንያ ኦፕን ውድድር የተካሄደባቸው ናቸው። ዊንድሰር ደግሞ ሆቴሉም ሜዳውም አንድ ላይ ስለሆነ ለእንግዳ ይመቻል። «መኪናዬን ይዤ በሞያሌ ልሂድ» ያለኝ ሰው አለ። ከሐዋሳ ናይሮቢ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጉዞው ብላችሁ ከሆነ ደስ ይላል። ለጎልፍ ከሆነ ወገባችሁ ሜዳው ላይ ያስፈልጋችኋል።

ኪጋሊ አጭር ነው የማወራው። ኪጋሊ ጎልፍ ሪዞርት ኒያሩታራማ ሰፈር ውስጥ ነው። ባለ 18 ጉድጓዱን ሜዳ የነደፈው የደቡብ አፍሪካዊው የጋሪ ፕሌየር ድርጅት ነው። አጠገቡ ያለው ሐይቅ ግን ትንሽዬ ናት፣ የሐዋሳ ሰው ሐይቅ ብሎ አይጠራትም። ከተማዋ ንጹሕ ናት፣ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፣ ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ቪዛ አንስታለች። ዓርብ ማታ ሄዶ እሑድ ማታ ለሚመለስ ጥሩ ነው። ለሳምንት አይሆንም።

አሁን ገና ለሚጀምር ሰው አንድ ምክር። ትልቅ ውድድር የተካሄደበት ሜዳ ላይ አትጀምሩ። ከኋላችሁ ያለው ቡድን ይጠብቃችኋል፣ እናንተ ታፍራላችሁ፣ ኳሱም ያልቃል። መጀመሪያ መለማመጃ ሜዳው ላይ አንድ ቅርጫት ኳስ ምቱ። አሠልጣኝ ለአንድ ሰዓት ቅጠሩ። ከዚያ ዘጠኙን ጉድጓድ ብቻ ተጫወቱ። የራሳችሁን ዱላ መግዛት አያስፈልግም፣ ሪዞርቶቹ ያከራያሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ግራኝ ከሆናችሁ የግራኝ ዱላ መኖሩን አረጋግጡ።

ካዲ ያዙ። ዱላ ተሸካሚ ብቻ አይደለም። የትኛው ቁልቁለት ኳሷን እንደሚጎትታት የሚያውቀው እሱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ክለቦች ያለ ካዲ አያስገቡም። ጉርሻውን በዚያ አገር ገንዘብ፣ በጥሬው ያዙ።

ልብስ ላይ ጥብቅ ናቸው። ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ ደህና ሱሪ፣ ጂንስ አይቻልም። ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ የአባላት ውድድር ስለሚኖር እንግዳ ይመለሳል። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ይሻላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ በሦስቱም አገር ዋና የዝናብ ወቅት ነው። እኔ ብሆን ጥር ወይም ሐምሌ ላይ እሄዳለሁ። ሐምሌ ላይ እኛ ጋ ሲዘንብ እዚያ ደረቅ ነው።

ስም አይታመን። «ጎልፍ ሪዞርት» ተብሎ ተጽፎ ሜዳው ሌላ ሰፈር ያለበት ማረፊያ ገጥሞኛል። ስትይዙ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ሜዳው ከክፍሌ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? የሜዳው ክፍያ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ነው? ለሁለተኛው መልሱን በጽሑፍ ያዙ፣ ሒሳብ ላይ ጭቅጭቅ የሚመጣው በእሱ ነው።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። ኡጋንዳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ ስለዚህ ትኬት የቆረጣችሁ ዕለት ካርዳችሁን ፈልጉ። ከሐዋሳ ቦሌ የሚሄደውን በረራና ከቦሌ የሚቀጥለውን በአንድ ትኬት አድርጉት። ለየብቻ ከተቆረጠ የጠዋቱ በረራ ሲዘገይ ሁለተኛውን ማን እንደሚከፍል ትከራከራላችሁ።