አንጋፋዋ ሶፕራኖ በካሜራ ፊት፦ የግሩቤሮቫን ኤሊሳቤታ በምን እንመዝናት?

ጥያቄ አቅራቢው፦

ለክርክር የማቀርበው በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሙኒክ በሚገኘው የባየርን መንግሥታዊ ኦፔራ ተቀርጾ ለሕዝብ የተሰራጨውን የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የዶኒዜቲን ኦፔራ «ሮቤርቶ ዴቨሮ» ነው። የእንግሊዟን ንግሥት ኤሊሳቤታን (ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን) የተጫወተችው ስሎቫካዊቷ ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ኤዲታ ግሩቤሮቫ በወቅቱ 58 ዓመቷ ነበር፤ በ1968 በትውልድ ከተማዋ በብራቲስላቫ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ከወጣችም 37 ዓመታት አልፈዋል። ቀረጻው የኦፔራ ወዳጆችን ለሁለት ከፍሏል። አንዱ ወገን ከታላላቅ የኦፔራ ቀረጻዎች ተርታ ያሰልፈዋል፤ ሌላው ወገን ዘፋኟ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ መቀረጽ አልነበረባትም ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ቤል ካንቶ በጣሊያንኛ ውብ ዝማሬ ማለት ነውና ስሙ ራሱ መለኪያውን ይነግረናል፦ ድምፁ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ዜማው ሳይቆራረጥ ተያይዞ፣ በፈጣኑ ጌጥ ውስጥም እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ እየተሰማ መዘመር አለበት። በዚህ ቀረጻ ግን ግሩቤሮቫ ብዙ ኖታዎችን የምትይዛቸው ከታች እየተንሸራተተች ነው፤ አንዳንዱ ረጅም ኖታም ሲጀምር ከትክክለኛው ከፍታ ጥቂት ዝቅ ይላል። «ባለታሪኳ አሮጊት ንግሥት ስለሆነች የደከመ ድምፅ ይስማማታል» የሚለውን መከራከሪያ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እርግጥ ነው፣ የኤሴክሱ ባላባት ሮበርት ዴቨሮ በ1601 አንገቱ ሲቀላ የእንግሊዟ ንግሥት 67 ዓመቷ ነበር። ነገር ግን ዶኒዜቲ ሚናውን በ1837 ኔፕልስ ላይ የጻፈው ለጁዜፒና ሮንዚ ደ ቤኚስ ነው፤ እርሷም በ1800 የተወለደች የ37 ዓመት ሴት ነበረች። ሙዚቃው ያረጀችን ንግሥት በሙሉ ኃይሏ ላይ ያለች ዘፋኝ እንድታሳየን ሆኖ ነው የተጻፈው። እርጅናን መተወንና ማርጀት ለየቅል ናቸውና፣ ስለ ዝናዋና ስለ ዕድሜዋ ብለን መለኪያውን ዝቅ ማድረግ የለብንም።

የድምፅ አስተማሪዋ፦

ወንድሜ፣ መለኪያው ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ስለ ሮንዚ ያነሡትም ነጥብ ጠንካራ ነው፣ ሚናውን ከዘፋኟ ዕድሜ ጋር የሚያምታቱ አድናቂዎች ሊያስቡበት ይገባል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጉድለቶችን አንድ ላይ ጠቅልለው «እርጅና» ብለዋቸዋል። የሰው ድምፅ ሲያረጅ የጉሮሮ ጡንቻ ይሳሳል፣ የማንቁርት ልም አጥንት እየጠነከረ ይሄዳል፣ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የድምፅ ጅማት ይወፍራል። ውጤቱ በጆሮ የሚታወቅ ነው፦ የድምፁ ንዝረት ይሰፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላይኛው ኖታ ይጠፋል። ከታች ተንሸራቶ ወደ ኖታ መድረስ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። በ1990ዎቹ ይህንኑ ሚና የቀረጸችበትን ድምፅ ብቻ ያለውን ቅጂ ቢያዳምጡ መንሸራተቱን እዚያም ያገኙታል። ልማድ ነው፤ እኔም አልወደውም፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ሲያደርጉ መልሼ ነው የማስጀምራቸው። ይሁንና መንሸራተቷ «በጊዜዋ መውረድ ነበረባት» ለሚለው ፍርድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ዕድሜዋን መፈተን ከፈለጉ ወደ መጨረሻው ትዕይንት ይሂዱ። ንግሥቲቱ የምትወደውን ሰው ለሞት አሳልፋ ሰጥታ፣ ምሕረት እንዲጠይቅበት የሰጠችው ቀለበት ይመጣላት እንደሆነ በመጠበቅ ላይ ናት። «ቪቪ፣ ኢንግራቶ» በሚለው አሪያ (የብቻ ዝማሬ)፣ አንተ ውለታ ቢስ፣ ከምትወዳት ከሌላዋ ሴት ጋር ኑር፣ ልቤ ይቅር ብሎሃል ትለዋለች፤ ከዚያም የእንግሊዝን ንግሥት ስታለቅስ አየሁ የሚል ሰው በምድር ላይ አይኑር ብላ እንባዋን ትደብቃለች። ዜማው ዝግተኛ ነው፣ ኦርኬስትራው ሳስቶ ዘፋኟን ብቻዋን ይተዋታል፣ የሚደበቁበት ቦታ የለም። ግሩቤሮቫ እዚህ ድምፅዋን ክር እስኪያክል ታቀጥነዋለች፤ ሐረጉን ሳትበጥስ ኖታውን በለሆሳስ ጀምራ ታሳድገዋለች፣ መልሳም ታሳሳዋለች። በቅርብ ምስሉ ላይ ትከሻዋን ይመልከቱ፣ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ አይነሣም። ይህን ለማድረግ የሚጠይቀውን የትንፋሽ ቁጥጥር የማውቀው በየቀኑ ስለማስተምረው ነው፤ የ25 ዓመት ልጆች አይችሉትም። ቤል ካንቶ ውብ ዝማሬ ነው ካልን፣ ይህስ ከዚያ መለኪያ ውስጥ ተቆጥሮላታል ወይ?

የሙኒኩ ነዋሪ፦

እኔ በሙዚቃ ትምህርት በኩል የምለው የለኝም፤ ሆኖም በዚያው አዳራሽ፣ መቀመጫ በሌለበትና ቆመው በሚሰሙበት ርካሽ ቦታ ላይ ሆኜ ሰምቻታለሁ። በመጋቢት 2019 በ72 ዓመቷ ኦፔራን የተሰናበተችው በዚሁ ሚና፣ በዚሁ መድረክ ነበር። ቤቱ 2100 ያህል ሰው ይይዛል፣ ማይክሮፎንም አይጠቀሙም። ለሆሳስ ያለው ድምፅዋ ከላይኛው ሰገነት ድረስ ሲመጣ ከአጠገቤ የተነገረ ነበር የሚመስለው። ፊልሙ ይህን ሊያሳይ አይችልም፣ ምክንያቱም ቤታችን ተቀምጠን የድምፁን መጠን የምንወስነው እኛው ነን። በአንጻሩ ፊልሙ እኔ ከሰገነት ላይ ያላየሁትን ሰጥቶኛል። አዘጋጁ ክሪስቶፍ ሎይ ታሪኩን ወደ ዘመናችን አምጥቶ ንግሥቲቱን ሙሉ ልብስ የለበሰች የዘመኑ ባለሥልጣን አድርጓታል፤ መጨረሻ ላይም ዊጓን ከራሷ ላይ ታወልቃለች። ከላይ ሆኖ ለሚያይ አንድ እንቅስቃሴ ነው። በፊልሙ ግን ፊቷን በቅርብ እያየን ሥልጣኑ ከሴትየዋ ላይ ሲወልቅ እናያለን።

ጥያቄ አቅራቢው፦

ይህ አባባልዎ የእኔን ሥጋት ያጠናክረዋል እንጂ አያቃልለውም። ማይክሮፎኑ ለዘፋኟ ካደላላትና ካሜራው ፊቷን ካቀረበልን፣ እያመሰገንን ያለነው ቀረጻውን ነው ወይስ ዝማሬውን? ዊጉ ሲወልቅ እንባ የመጣበት ተመልካች ከዚያ በኋላ ስለ ኖታ ትክክለኛነት በቀዝቃዛ አእምሮ ይፈርዳል ብዬ አላምንም።

የድምፅ አስተማሪዋ፦

ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንስማው፤ መጀመሪያ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ቀጥሎ እያየን። ተማሪዎቼን በማንኛውም የኦፔራ ቀረጻ ላይ የማሠራቸው እንዲህ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት የካሜራው ድርሻ ነው። ደግሞም ለንጽጽር አሜሪካዊቷን ቤቨርሊ ሲልስን አስቡ። በ1975 በዚሁ ሚና ስትቀረጽ 46 ዓመቷ ነበር፤ እርሷ ራሷ ይህ ሚና የሙያ ዘመኗን እንዳሳጠረባት ተናግራለች። በ46 ዓመት የሚያደክም ሚና በ58 ዓመት ላይኛው ኖታ ሳይጠፋ፣ ንዝረቱ ሳይዛባ ተዘምሮ ሲገኝ፣ ይህ በምሕረት የተሰጠ ነጥብ አይሆንም። በሥራ የተገኘ ነው፤ ሳታባክን የያዘችው ድምፅ ነው።

ጥያቄ አቅራቢው፦

እህቴ፣ እንዳሉት ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። «ቪቪ፣ ኢንግራቶ»ን በተመለከተ የቀድሞ ፍርዴን ትቻለሁ፤ ምስሉ ሳይኖርም ዝማሬው ቆሟል፤ መንሸራተቱ እንኳ እዚያ ጥቂት ነው። ከመድፉ ተኩስ በኋላ፣ ዴቨሮ መሞቱ ታውቆ ንግሥቲቱ ደም የነካው ዘውድ የምታይበት የመጨረሻው ካባሌታ (የአሪያው መዝጊያ ክፍል) ግን አላሳመነኝም። ዶኒዜቲ እዚያ ፍጥነት ሳይሆን ግርማ ነው የጠየቀው፤ ዜማው ከላይ ወደ ታች በሰፊው ይዘላል፣ ታችኛው ኖታም የንግሥትን ቁጣ መሸከም አለበት። ግሩቤሮቫ ከታች የምታሰማው ድምፅ ሳስቶ ወደ ንግግር ይቀርባል፤ በፊልሙ ላይ ፊቷ የሞላውን ክፍተት ድምፅዋ አልሞላውም።

የድምፅ አስተማሪዋ፦

በዚህስ እስማማለሁ። ታችኛው ድምፅዋ በወጣትነቷም ጠንካራ አልነበረም፤ በ1976 ቪየና ላይ በካርል በም መሪነት ጸርቢኔታን (በሪቻርድ ሽትራውስ ኦፔራ ውስጥ ያለች ሚና) ዘምራ ስሟ ሲገን ያደነቋት በላይኛው ነው። ጉድለቱን ይጻፉባት፣ ከዕድሜዋ ሂሳብ ላይ ግን አይጻፉት።